ቀዳዳው የማን ነው?

ሰው በየብስ ላይ ሲኖር «ይህ የእኔ፣ ያ የአንተ» እያለ አጥር ያጥራል። ጣሪያው ቢያፈስ የሚረጥበው የራሱ መደብ እንጂ የጎረቤቱ አይደለም። ባሕር ላይ ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም። በአንዲት ጠባብ ጀልባ የተሳፈሩ ሰዎች ወለላቸው አንድ ነው፤ ወለሉ ከተበሳ የሚሰጥሙትም አንድ ላይ ነው። ቅዱስ ቁርኣን የመርከብን ነገር ደጋግሞ ማንሳቱ፣ ነቢያችን ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ኅብረተሰብ ሲያስተምሩ ከመርከብ ምሳሌ መውሰዳቸው ብዙ የሚያስተነትን ነገር አለው።

ከባሕር ርቆ ለሚኖር ሰው ይህ ጉዳይ ሩቅ ይመስለው ይሆናል። ይሁንና እስልምና ከሀገራችን ጋር የተገናኘው በባሕር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ ወጥተው፣ ሹዐይባ ከተባለው ወደብ በነጋዴዎች መርከብ ተሳፍረው፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ነው ወደ ሐበሻ የመጡት። እነዚያ የአማና ሰዎች ከሞገዱ የለያቸው ጥቂት ሳንቃ ብቻ ነበር።

ውድ አንባቢያን! አንድ ሰው ሆን ብሎ መርከብ ቢበሳ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ልጅም ያውቃል። ጥያቄው የሚከብደው ማንም ሳይበሳት፣ ከዐለት ጋርም ሳትጋጭ፣ አንዲት ትንሽ ባለሸራ ጀልባ በጉዞ ላይ እያለች ሳይታሰብ ውኃ ማስገባት ስትጀምር ነው። ባለቤት የሌለው ቀዳዳ ኃላፊነቱ የማን ነው?

ውኃው ሲታይ

አስቀድመን ነገሩን በተግባር እንየው። ርዝመቷ ከስምንት እስከ አሥር ሜትር የሚሆን፣ ሦስት ወይም አራት ሰው የሚጓዝባት ጀልባ እናስብ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለች ጀልባ ሆዷ ድፍን ይመስለዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ከውኃው መስመር በታች ሠሪዎቿ አውቀው ያበጇቸው ቀዳዳዎች አሏት፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውኃ የሚገባበት፣ የዕቃ ማጠቢያው ውኃ የሚወጣበት፣ የሞተሩና የመሪው ዘንግ የሚያልፍበት። የውኃ መግቢያዎቹና መውጫዎቹ መዝጊያ፣ የጎማ ቱቦና ቱቦውን የሚያጠብቅ የብረት ማሰሪያ አላቸው። ማሰሪያው በጨው ሲዝግ ወይም ጎማው አርጅቶ ሲሰነጠቅ፣ ማዕበል ሳይነሳ ባሕሩ ወደ ውስጥ ይገባል።

የሚገባው ውኃ ብዛት ሰውን ያስደነግጣል። ከዳር እስከ ዳር 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ከውኃው ገጽ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ ክብ ቀዳዳ በደቂቃ 40 ሊትር ያህል ያስገባል። ይህም በአንድ ሰዓት ከ2 ቶን በላይ ማለት ነው። የቀዳዳው ወርድ እጥፍ ቢሆን የሚገባው ውኃ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለሆነም መጀመሪያ ላይ የሚባክን አንድ ደቂቃ በኋላ ከሚገኙ ብዙ ደቂቃዎች ይበልጣል።

ልምድ ያላቸው መርከበኞች ሥርዓት አላቸው። ውኃውን ያየ ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ይጮኻል። ሁሉም የመንሳፈፊያ ሰደርያውን ይለብሳል። አንዱ በፓምፕ ወይም በባልዲ ውኃውን ወደ ውጭ ይጥላል፤ ሌላው ምንጩን ይፈልጋል። ውኃው ከፍ ባለ ቁጥር ቀዳዳው ከሥሩ ስለሚሰወር ፍለጋው ለነገ አይባልም። ውኃውን በጣት ነክቶ መቅመስም ከዘዴዎቹ አንዱ ነው፤ ጨው ካለው ከባሕር ነው፣ ጨው ከሌለው ምናልባት የራሳቸው የመጠጥ ውኃ በርሜል ፈስሶ ይሆናል። ከዚያም መዝጊያዎቹ አንድ በአንድ ይዘጋሉ። መዝጊያው ከተሰበረ አስቀድሞ በአጠገቡ የታሰረው የለስላሳ እንጨት ውታፍ ይመታበታል፤ እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ ያብጥና ቀዳዳውን ያጠብቃል። ቀዳዳው በጎን በኩል ከሆነ የሸራውን አቅጣጫ ለውጠው ጀልባዋ ወደ ሌላው ጎን እንድታጋድል ያደርጋሉ፤ የተጎዳው ጎን ከውኃው ከፍ ይላል። ነገሩ ከአቅም በላይ ሳይሆንም በሬዲዮ በ16ኛው ቻናል የድረሱልን ጥሪ ያሰማሉ።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የጎደለ አንድ ነገር አለ። «ይህን ቱቦ ማን ነው ያልቀየረው?» የሚል ጥያቄ የለበትም። ጥያቄው ተሰርዞ አይደለም፤ ጊዜው ወደብ ሲደርሱ ስለሆነ ነው።

ጸጥ ያለው አደጋ

በዛሬ ጀልባዎች ከርስ ውስጥ ውኃ ሲጠራቀም በራሱ ጊዜ የሚነሳ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ይገጠማል። ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ አንድ ችግር ግን አለው። ቀዳዳው ትንሽ ሲሆን ፓምፑ የገባውን ሁሉ እያወጣ ስለሚጥል፣ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ምንም ነገር አያዩም። ባትሪው ሲያልቅ ፓምፑ ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ ነው ለቀናት የነበረው ቀዳዳ «ድንገት» የተፈጠረ የሚመስለው።

ሳይታሰብ ደረሰ የምንለው ብዙው ነገር እንዲህ ነው። የጥንት የእንጨት ጀልባ መርከበኞች በዚህ ረገድ ከእኛ የተሻለ ዕውቀት ነበራቸው። በፀሐይ የደረቀ የእንጨት ጀልባ ውኃ ላይ ሲወርድ መጀመሪያ በስንጥቁ ሁሉ ያስገባል፤ ሳንቃው ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ራሱ ይጠብቃል። ስለዚህ ከርስ ውስጥ ውኃ መኖሩ ብቻ አያስደነግጣቸውም ነበር። ዋናው ነገር የዕለቱን ልክ ማወቅ ነው። ትናንት ስንት ባልዲ እንደወጣ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ሲጨምር ያውቃል።

ሰለፎች ሙሐሰባ ያሉት ነፍስን በየቀኑ የመመርመር ልማድ ከዚህ አይለይም። ነፍሱን ማታ ማታ የሚጠይቅ ሰው ጥፋት አይነካውም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የተለመደውን ድካሙን ከአዲሱ ብልሽት መለየት ይችላል። ቤተሰብም እንዲሁ ነው። ጠብ የማይሰማበት ቤት ሁሉ ሰላም አለው ማለት አይቻልም፤ ምናልባት አንዲት እናት ሌሊቱን ሁሉ ብቻዋን ውኃ እያወጣች ይሆናል።

የታችኞቹ ጥማት

ኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት፣ ኢማም ቡኻሪም የመዘገቡት የመርከቧ ሐዲስ በብዙዎቻችን ዘንድ የታወቀ ነው። ፍሬ ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ሰዎች በአንዲት መርከብ ቦታቸውን በዕጣ ተከፋፈሉ። ለአንዳንዶቹ ላይኛው፣ ለሌሎቹ ታችኛው ክፍል ደረሳቸው። ከታች ያሉት ውኃ ለመቅዳት በላይኞቹ በኩል ማለፍ ነበረባቸው። ስለዚህ እነርሱን ከማስቸገር በራሳችን ድርሻ ላይ ብንበሳ ይሻላል አሉ። ላይኞቹ ቢተዋቸው ሁሉም ይጠፋሉ፤ እጃቸውን ቢይዟቸው ሁሉም ይድናሉ።

ከዚህ ሐዲስ የሚወሰደው የተለመደው ትምህርት ጥፋትን መከልከል ግዴታ መሆኑ ነው፤ ትክክልም ነው። ሆኖም ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ታችኞቹ ክፉ ሐሳብ አልነበራቸውም፤ ሰው ላለማስቸገር ብለው ነው። «በራሳችን ድርሻ» ማለታቸውም ዕጣው በእርግጥ የእነርሱ ስለነበረ ሐሰት አልነበረም። ሁለተኛ፣ ከቀዳዳው በፊት ጥማት ነበረ። ላይኞቹ የታችኞቹን ምልልስ በመልካም ፊት ቢቀበሉት፣ ወይም ውኃውን ራሳቸው ቀድተው ቢያወርዱላቸው፣ መጥረቢያ የሚያነሳ ሰው ባልተገኘ ነበር። እጅ መያዝ የመጨረሻው ግዴታ ነው፤ ከእርሱ በፊት ያለው ግዴታ የሚጠማውን ሰው መስማት ነው።

የሙሳና (ዐ.ሰ.) የኸድር ታሪክ ደግሞ ሌላ ገጽታ ያሳየናል። በአል-ከህፍ ምዕራፍ እንደተነገረው ኸድር የድሆችን መርከብ ሲያነውራት ሙሳ ወዲያው ተቃወመ። በኋላ እንደተገለጸው ደህና መርከብ ሁሉ በግድ የሚነጥቅ ንጉሥ ከፊታቸው ስለነበረ፣ ጉዳቷ ለባለቤቶቿ መዳኛ ነበር። ይህ ለእኛ ሁለት ነገር ያስተምረናል። ክፉ የመሰለን ነገር በአላህ (ሱ.ወ.) ዕውቀት ውስጥ መልካም ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ለኸድር የተሰጠው ዕውቀት ለእኛ አልተሰጠንም፤ ቀዳዳ አይተን «ምናልባት ኸይር ይሆናል» ብለን መተኛት አይገባንም። እኛ የምንገዛው በሚታየው ነው፤ በሚታየው ደግሞ ሙሳ ዝም አላለም።

ማወቅና መቻል

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የፊቅህ ዑለማዎች ግዴታን ፈርድ ዐይንና ፈርድ ኪፋያ ብለው ይከፍላሉ። የመጀመሪያው በእያንዳንዱ ሰው ላይ የሚወድቅ ነው። ሁለተኛው እንደ ሶላተል ጀናዛ የተወሰኑ ሰዎች ከፈጸሙት ከሌሎቹ ላይ የሚነሳ፣ ማንም ካልፈጸመው ግን ሁሉንም የሚያስጠይቅ ነው። ፈርድ ኪፋያ ነገሩን ያወቀውና የሚችለው አንድ ሰው ብቻ በሆነ ጊዜ በዚያ ሰው ላይ ፈርድ ዐይን ይሆናል። ሰው ሲሰጥም ከዳር የቆሙት ብዙ ቢሆኑም ዋና የሚችለው አንዱ ብቻ ከሆነ፣ ግዴታው የእርሱ ነው። እርሱ ግን ሰውየውን ወደ ውኃው አልገፈተረውም።

እንግዲህ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ኃላፊነት ሁልጊዜ ከጥፋት አይጀምርም፤ ከማወቅና ከመቻል ይጀምራል። ቀዳዳው በመጀመሪያ ያየው ሰው ነው፤ ቀጥሎም ሊወትፈው የሚችል ሁሉ። አራት ሰው ባለባት ጀልባ ላይ «ሌላ ሰው ይነግራቸዋል» የሚባል ሌላ ሰው የለም።

ይህን ስንል ግን ቸልተኛው በነፃ ይለቀቅ ማለታችን አይደለም። ከግራናዳ ለሐጅ የተነሳው ኢብኑ ጁበይር እ.ኤ.አ. በ1183 ከዐይዛብ ወደ ጅዳ ቀይ ባሕርን ሲሻገር ያየውን ጽፎ አቆይቶልናል። ዐይዛብ በዛሬዋ ግብፅና ሱዳን ወሰን አካባቢ በአፍሪካ ጠረፍ ላይ የነበረች የሐጃጆች ወደብ ናት። መጓጓዣዎቹን «ጀልባ» ብሎ ይጠራቸዋል፤ ቃሉ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ምስማር የሌላቸው፣ ሳንቃቸው በኮኮናት ቃጫ የተሰፋ፣ በጉሎ ዘይት ወይም በሻርክ ዘይት የተቀቡ ነበሩ። ባለቤቶቻቸው ግን ሐጃጁን አንዱን በሌላው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ እንደ ዶሮ ይጠቀጥቁት እንደነበር፣ የእኛ ድርሻ ጀልባ ማቅረብ ነው፣ ነፍሱን መጠበቅ የሐጃጁ ጉዳይ ነው ይሉ እንደነበር በምሬት ያወሳል።

ይህ አባባል ከስምንት መቶ ዓመታት በላይ ቢሆነውም አላረጀም። ኪራይ ተቀብሎ የበሰበሰ ጣሪያ የሚያከራይ፣ ሰው አሳፍሮ ፍሬኑ የላላ መኪና የሚነዳ፣ ልጅ ወልዶ አስተዳደጉን ለመንገድ የሚተው ሰው ሁሉ የዐይዛብን ቃል ይደግማል። እንዲህ ያለው ሰው ወደብ ላይ ይጠየቃል፤ በዱንያ ወደብ ቢያመልጥ የማይታለፍ ሌላ ወደብ አለ። ባሕሩ መካከል ግን ባልዲ ከያዙት እጆች መካከል የእርሱም እጅ ይፈለጋል። በዚያች ሰዓት እርሱን መገሠጽ ከባልዲዎቹ አንዱን መቀነስ ነው።

ዕቃና ነፍስ

ውኃው ካየለ ጀልባዋን ለማቅለል ዕቃ ይጣላል። የማን ዕቃ? ዑለማዎቻችን ይህን በሰፊው ተወያይተውበታል። ነፍስን ለማዳን ንብረት መጣል እንደሚገባ ይስማማሉ። በማሊኪ መዝሀብ የተጣለው ዕቃ ኪሣራ ንብረታቸው በዳነላቸው ነጋዴዎች ላይ ጭምር እንደየድርሻቸው ይከፋፈላል። የአንዱ ሳጥን ሌላውን አድኖ ከሆነ ኪሣራውን ባለሳጥኑ ብቻውን እንዳይሸከም ነው።

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ ደግሞ አለ። ሰው ቢጣልስ? በ505 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1111) ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ «አል-ሙስተስፋ» በተባለው ኪታባቸው ይህንኑ አንስተዋል፤ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ቢጣል ሌሎቹ የሚድኑ፣ ባይጣል ሁሉም የሚሰጥሙ ቢሆን፣ አንዱን መጣል እንደማይፈቀድ ወስነዋል። ሳጥን ዋጋው ይተመናል፤ ነፍስ ግን አይተመንም። ነቢዩ ዩኑስ (ዐ.ሰ.) በዕጣ ወደ ባሕር መጣላቸው የአላህ ልዩ ውሳኔ የነበረበት ታሪክ ነው፤ ዑለማዎች ለእኛ ፍርድ አድርገው አልወሰዱትም። ቤቱ ሲጨንቀው ከሁሉ ደካማ የሆነውን አባሉን፣ ምናልባት የታመመውን ወይም ያጠፋውን ልጅ፣ «ጭነት» አድርጎ የሚያይ ቤተሰብ ይህን ፍርድ ደጋግሞ ቢያስብበት መልካም ነው።

ሳንቃና ምስማር

አንዳንድ ሰው እምነቱ የጸና የሚመስለው ባልዲውን ሲያስቀምጥ ነው። ነቢዩ ኑሕ (ዐ.ሰ.) እንደሚድኑ ከአላህ ዘንድ ቃል የተገባላቸው ሆነው ሳለ መርከቧን ሠሩ፤ ቁርኣንም በአል-ቀመር ምዕራፍ በሳንቃና በምስማር የተሠራች መሆኗን ይነግረናል። መዳናቸው የአላህ ነው፤ ሳንቃና ምስማሩ ግን የእርሳቸው ላብ ነበር። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስም ግመሉን ፈትቶ ይመካ ወይስ አስሮ ለጠየቀው ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድሞ እንዲያስር ነው የመከሩት። በምትፈስ ጀልባ ላይ ዱዓ እያደረጉ ውኃ የሚያወጡ እጆች ሁለት ዒባዳ በአንድ ጊዜ እየፈጸሙ ነው።

ሰበብን ማስገኘት ደግሞ ከታናሽ መስማትንም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1770 የጄምስ ኩክ መርከብ «ኢንዴቨር» በአውስትራሊያ ምሥራቅ ጠረፍ በኮራል ዐለት ላይ ተሰክታ ተበሳች። መድፍ ሳይቀር ብዙ ጭነት ተጣለ፤ ካፒቴኑና አብረውት የነበሩት ምሁራን ሳይቀሩ በፓምፑ ተፈራረቁ። ዘዴውን ያመጣው ግን ጆናታን መንክሃውስ የተባለ ወጣት ባሕርተኛ ነበር። አሮጌ ገመድ ተፈትቶ ከሱፍ ጋር በሸራ ላይ ተለጠፈ፤ ሸራው በመርከቧ ሥር በውጭ በኩል ተሳበ፤ የባሕሩ ግፊት ራሱ በቀዳዳው ላይ አጣበቀው። በኋላ መርከቧ ለጥገና ስትወጣ ካፈረሳት ኮራል አንድ ስባሪ በቀዳዳው ውስጥ ተወትፎ ተገኘ። ማንም ያላየው ውታፍ ነበር። ሰዎቹ ግን ይህን ሳያውቁ ነው የደከሙት፤ ማወቃቸውም አስፈላጊ አልነበረም።

መሸፈንና መደበቅ

በመጨረሻ ከቤታችን ጋር በጣም የሚነካካ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሃይማኖታችን የሰውን ነውር እንድንሸፍን አዝዞናል፤ ሐሜትንም ከልክሎናል። ታዲያ ቀዳዳ ያየ እንዴት ይጩህ? ባሏ በዕዳ መዘፈቁን ያወቀች ሚስት፣ ወንድሙ ጫትና ሌላ ሱስ እንደያዘው ያየ ልጅ፣ የእናቱን የተደበቀ ሕመም የደረሰበት ሁሉ በዚህ ጥያቄ ይጨነቃል። ብዙ ቤት የሚሰጥመው በክፋት ሳይሆን በይሉኝታ ነው።

ኢማም ነወዊ ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ዘርዝረዋል፤ ከእነርሱም መካከል ጥፋትን ለማስቆም የሚችለውን ሰው እርዳታ መጠየቅና ሌሎችን ከጉዳት ማስጠንቀቅ ይገኛሉ። መርከበኛውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቀዳዳውን ሲያይ ሊወትፉ ለሚችሉት ባልደረቦቹ ይጮኻል፤ ከአቅም በላይ ሲሆን ለነፍስ አድን ሠራተኞች ይናገራል። ወደብ ላይ ቡና ለሚጠጣ ሥራ ፈት አያወራም። መሸፈን ማለት ሰውየውን መሸፈን ነው፤ መደበቅ ማለት ቀዳዳውን መሸፈን ነው። የመጀመሪያው አደራ ነው፣ ሁለተኛው አደራን ማጉደል ነው።

የሰሚው ድርሻም አይረሳ። በጀልባዋ ውስጥ ውኃውን ቀድሞ የሚያየው ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ የተኛው ነው፤ በቤትም ውስጥ ብዙውን ነገር ቀድመው የሚያዩት ልጆች ናቸው። «አባዬ፣ እዚህ ውኃ አለ» ያለ ልጅ ቁጣ ካገኘ ሁለተኛ አይናገርም። ያ ልጅ ዝም ማለቱን ያስተማረው ማን እንደሆነ ደግሞ አባትየው በኋላ ራሱን መጠየቅ አለበት። ወላጆች ዛሬ ማታ ከዒሻ በኋላ ቤተሰባቸውን ሰብስበው «ያያችሁትና ያልነገራችሁን ነገር አለ?» ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱንም ሳይቆጡ ቢሰሙ፣ የጀልባቸውን ወለል ገልጠው አዩ ማለት ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ያየነውን ለመናገር ድፍረት፣ የተነገረንን ለመስማት ትዕግሥት፣ ለመወተፍም ብርታት ይስጠን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።